ፕሎተሩ አልሞተም፤ መጀመሪያ ምላጩ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ «ተበላሹ» ተብለው ጥግ ስለሚቀመጡ የስቲከር መቁረጫ ማሽኖች

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በወሎ ከተሞች የስቲከር መቁረጫ ማሽን፣ እኛ የሙያው ሰዎች በአጭሩ «ፕሎተር» የምንለውን መሣሪያ፣ ገዝተው ሥራ ከጀመሩ ወጣቶች መካከል በርከት ያሉት ዓመት ሳይሞላቸው ማሽኑን በጨርቅ ሸፍነው ሲያስቀምጡት እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ። ስለ አነስተኛ ሥራዎች በሚወጡ ጽሑፎች ላይ ስለ ብድር፣ ስለ መሥሪያ ቦታና ስለ ገበያ ትስስር ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ግን እምብዛም ሲነሣ አላየሁም። እኔ ደሴ ውስጥ በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ሞቷል» ተብለው ወደ ሱቄ ከመጡት ፕሎተሮች መካከል በእርግጥ የሞቱት፣ ማለትም ቦርዳቸው የተቃጠለው ወይም ሞተራቸው የቆመው፣ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት አልተበላሹም ነበር። ምላጫቸው ከሚገባው በላይ ወጥቶ፣ ንጣፋቸው ተቦርቡሮ፣ ጎማቸው ያለ ቦታው ተቀምጦ ወይም ኮምፒውተራቸው ማሽኑን የሚጠራበት ቁጥር ተለውጦ ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው አንባቢዎች አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ፕሎተር ቀለም አይረጭም፣ አያትምም። ጀርባው ሙጫ ያለበትን ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ፣ ማለትም ቪኒሉን፣ ከኮምፒውተር በተላከለት መስመር ላይ ከእርሳስ ጫፍ ባነሰች ምላጭ ይቆርጠዋል፤ ከቪኒሉ ሥር ያለውን ወረቀት ግን ሳይበሳው ማለፍ አለበት። ከዚያ የማይፈለገው ትርፍ በወረንጦ ይለቀማል፤ የቀረው ፊደል ወይም ምልክት ትራንስፈር በምንለው ተለጣፊ ወረቀት ተነሥቶ መስታወት፣ ቆርቆሮ ወይም የመኪና አካል ላይ ይለጠፋል። በደሴ ጎዳናዎች በሚመላለሱት ባጃጆች ጎን፣ በፋርማሲና በፀጉር ቤት መስታወት፣ በአይሱዙ የኋላ በር ላይ የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛው በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። እኔ ወደ ሙያው የገባሁት በብሩሽና በዘይት ቀለም ታፔላ ይጽፉ በነበሩ አንድ አዛውንት ሥር ነው። እርሳቸው ከሥራ በኋላ ብሩሻቸውን በላምባ አጥበው፣ ፀጉሩን በጣታቸው አሹለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ካላስቀመጡ ወደ ቤታቸው አይሄዱም ነበር። ማሽኑ ብሩሹን ሲተካ ያ መሣሪያን የመንከባከብ ልማድ አብሮ መቅረቱ ከልብ ያሳዝነኛል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ የሚበልጠው የምላጩ ጥልቀት ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ተራ ቪኒል ውፍረቱ ከ70 እስከ 80 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከመያዣው መውጣት ያለበት የምላጭ ጫፍ በዓይን በጭንቅ የሚታይ፣ ጣትን ቀስ አድርገው ሲያሳልፉበት እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረቁር ብቻ ነው። ጀማሪው ግን ፊደሉ አልላቀቅ ሲለው ምላጩን ያስረዝማል፤ አሁንም እምቢ ሲለው ግፊቱን ይጨምራል። ምላጩ ቪኒሉን አልፎ ወረቀቱን፣ ወረቀቱን አልፎ የማሽኑን ንጣፍ ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ጫፉ ይሰበራል። ጫፉ የተሰበረ ምላጭ ደግሞ አይቆርጥም፤ ይቀድዳል። ያን ጊዜ ግፊቱ እንደገና ይጨመራል፤ ማሽኑም ማቃሰት ይጀምራል። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ምላጩን አሳጥሮ፣ ግፊቱን ለተራ ቪኒል ከ80 ግራም አካባቢ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መጨመር፣ በየመሐሉም ሙከራ መቁረጥ ነው። ሙከራው አንድ ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው፣ ውስጡ ሦስት ማዕዘን የተሣለበት አራት ማዕዘን ነው። የውጪው ቁራጭ በወረንጦ ሲነሣ ሦስት ማዕዘኑ ሳይነቃነቅ ወረቀቱ ላይ ከቀረ፣ ወረቀቱ ላይም ስስ ጭረት ብቻ ከታየ ልኩ እሱ ነው። ጭረት ጨርሶ ከሌለ አንሷል፤ ወረቀቱ ወደ መስኮት ተይዞ ብርሃን ካሳለፈ በዝቷል። ይህ ሙከራ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቪኒልና ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። አዲስ ጥቅልል በገባ ቁጥር፣ ቀለሙ ብቻ ቢለወጥም እንኳ፣ መደገም አለበት።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ከሐይቅ ከተማ ማሽኗን በሚኒባስ ጭና መጣች። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሞቷል፤ ሦስት ወሩ ነው። የሚገዛኝ ካገኘሁ ልሸጠው ነው» አለችኝ። ያመጣችውን የመጨረሻ ሥራ ዘርግቼ አየሁት። የፊደላቱ ማዕዘኖች ሁሉ እንዳለቀ ሳሙና ዶልዱመዋል፤ የክቦቹ መነሻና መድረሻ አልተገናኙም። የፕሎተር ምላጭ በእጅ እንደሚያዝ ቢላ አይደለም፤ ጫፉ ከሚዞርበት መሐል በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀርቶ የተሠራ ስለሆነ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ እየተጎተተ በራሱ ይዞራል። ያች ርቀት በተለመደው የ45 ዲግሪ ምላጭ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ማሽኑ ወይም ሶፍትዌሩ ላይም ይኸው ቁጥር መሞላት አለበት። ቁጥሩ ካነሰ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፤ ከበዛ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ጆሮ የመሰለ ትርፍ ይወጣል። የእሷ ቁጥር ትክክል ነበር። ስለዚህ መያዣውን ፈትቼ ምላጩን አወጣሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ የቪኒል ክር ተጠምጥማ አገኘኋት። ምላጩ እንዳይዞር አንቃ የያዘችው እሷ ነበረች። በወረንጦ አነሣኋት፤ መያዣውን በአልኮል ጠረግሁት፤ ከስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጌ መልሼ ገጠምኩት። በጣቴ ስነካው ምላጩ ወዲያና ወዲህ ዞረ። ከዚያ የቆረጥነው የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ጠርዙ ስል ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ለሦስት ወር ገቢዋን ያጣችው በዚያች ክር ምክንያት ነው። ክሯን ለታናሽ ወንድሟ እንደምታሳየው ነግራኝ በወረቀት ጠቅልላ ይዛት ሄደች።

ከኮምቦልቻ የመጣ ሌላ ማሽን ደግሞ በግራ በኩል አጥርቶ ይቆርጥና መሐል ላይ ሲደርስ ይስት ነበር። ባለቤቱ አራት ምላጭ ቀይሯል፤ ሶፍትዌሩንም ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ጭኖታል። ምላጩ የሚሄድበትን ነጭ የፕላስቲክ ንጣፍ በጥፍሬ ስዳብሰው መሐሉ ቦይ ሆኗል። ይህ የሚመጣው ማሽኑ ቪኒል ሳይገባበት ሲሞከር ወይም ምላጩ ሲረዝም ነው። ምላጩ ቦዩ ላይ ሲደርስ ቪኒሉ ሥሩ ባዶ ስለሚሆን ወደ ታች ይሸሻል፤ አይቆረጥም። ንጣፉ እንደ መኪና የፍሬን ሸራ የሚያልቅና የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ይህን ግን ለባለቤቱ የነገረው ሰው አልነበረም።

እኔም የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን አዲስ አበባ ካለ አንድ ነጋዴ ስገዛ የተሰጠኝ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈ ቀጭን መመሪያና አንድ ሲዲ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ በአንድ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ጎን የሚለጠፍ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ጽሑፍ ነበር። ጥቅልሉን ከማሽኑ ኋላ መሬት ላይ አስቀምጬ ማሽኑ ራሱ እየጎተተ እንዲፈታው ተውኩት። ከሁለተኛው ሜትር በኋላ ቪኒሉ ወደ ቀኝ እየሸሸ ሄዶ፣ ተጭነው ከሚይዙት ጎማዎች ከአንዱ ሥር ወጣ፤ ተጨማደደ፣ ተቀደደ፣ ባለመኪናውም ሌላ ሰው ዘንድ ሄደ። ያን ቀን ማሽኑን ረገምኩት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ጎማዎቹ ከቪኒሉ ሁለት ጠርዞች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተው፣ ሥራቸው ካለው ሸካራ ብረት በላይ ተቀምጠው፣ እኩል መጫን ነበረባቸው። ጥቅልሉም የሚፈለገው ያህል አስቀድሞ ተፈትቶ ልል መሆን ነበረበት፤ ማሽኑ የሚጎትተው ቪኒሉን እንጂ የጥቅልሉን ክብደት መሆን የለበትምና። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ቪኒሉን በሙሉ ርዝመቱ ወደፊትና ወደ ኋላ አስኪዶ ቀጥ ብሎ መሄዱን ማየት ይገባ ነበር። ዛሬ ይህን ሳላደርግ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሥራ አልጀምርም። ረጅም ሥራ የሚሠራ ሰው የ500 ሚሊ ሜትር መስመር ቆርጦ በብረት ማስመሪያ ይለካ፤ 498 ሆኖ ከተገኘ ማሽኑ ላይ ባለው የልኬት ማስተካከያ ያርመው። አለበለዚያ ሁለት ቀለም ተደራርቦ የሚለጠፍ ሥራ አይገጥምለትም።

የአየሩ ነገርም መነሣት አለበት፤ ወሎ ውስጥ የአንድ ሰዓት መንገድ ሳንሄድ አየሩ ይለወጣልና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ሥር፣ ጉምና ብርድ የማያጣት ከተማ ናት፤ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ የምናገኛት ኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ሌላ ነው። ብርድ ቪኒሉን ያደርቀዋል፤ ሲለቀም ይሰበራል፣ ሙጫውም መስታወቱን አይዝም። ለአብዛኛው ቪኒል የሚመከረው ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዳይለጠፍ ነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሚለጠፍ ሥራ ፀሐይ ወጥታ መስታወቱ እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት፤ ደንበኛው ቢቸኩልም እንኳ። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ ጥቅልል ሙጫው ይለሰልስና የተቆረጠው መስመር መልሶ ይጣበቃል፤ እዚያ ከቆረጡ በኋላ ሳይውል ሳያድር መልቀም፣ ጥቅልሉንም አቁሞ ጥላ ሥር ማኖር ያስፈልጋል። ከደሴ ባለሙያ የተቀዳ የግፊት ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ አልሠራ ቢል ማሽኑ አልተበላሸም፤ የቁጥሩ ቦታ ተለውጦ ነው።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ጉዳይ አለ። «ኮምፒውተሩ ማሽኑን አያየውም» ተብሎ የሚመጣልኝ አቤቱታ ከምላጩ ቀጥሎ ብዙ ነው። በርካሽ ከሚገቡት ማሽኖች ብዙዎቹ በዩኤስቢ ገመድ ቢገናኙም በውስጣቸው የሚነጋገሩት በቀድሞው የኮም ፖርት ሥርዓት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ማሽኑን በቁጥር በሚጠራበት መንገድ ነው። ገመዱ ትናንት ከተሰካበት ቀዳዳ ወደ ሌላ ሲዛወር ዊንዶውስ አዲስ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን አሁንም በቀድሞው ቁጥር ይጠራል፤ የሚመልስለት የለም። ዊንዶውስ ውስጥ የተገናኙትን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቶ ቁጥሩን ማየትና ሶፍትዌሩ ላይ ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገመዱን ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ መሰካት ደግሞ ችግሩ እንዳይመጣ ያደርጋል። ሥራ መሐል በድንገት የሚቆም ወይም ያልታዘዘ መስመር የሚስብ ማሽን በአብዛኛው የሚያውከው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። በበጋው ደረቅ አየር ቪኒሉ ከጥቅልሉ ሲፈታ ኃይል ያጠራቅማል፤ ያ ኃይል ወደ ቦርዱ ሲዘል ግንኙነቱ ይቋረጣል። የማሽኑን ብረት አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት ይህን ያስቀረዋል፤ ነገር ግን በኪራይ ሱቆች ውስጥ የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት ብዙ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማሽኑ የጀመረበትን ነጥብ ይረሳል። ፕሎተር ራሱ የሚፈልገው ኃይል ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት በታች ስለሆነ ኮምፒውተሩንና ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ይህን መግዛት ያልቻለ ሰው ረጅሙን ሥራ ከፋፍሎ ቢልክ፣ መብራት ቢሄድ እንኳ የሚያጣው አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

በየትኛውም የውጭ መመሪያ የማናገኘው የራሳችን ጉዳይ ደግሞ ፊደላችን ነው። ከምንቆርጣቸው ቃላት ሁሉ የሚበዛው «ቤት» ሳይሆን አይቀርም፤ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት፣ ፊደሉ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ቀዳዳዋ ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ምላጩ ከደነዘዘ ወይም ፍጥነቱ ከበዛ ቀለበቷ በትርፉ ተጎትታ ትሄዳለች፤ መስታወቱ ላይም «ምግብ በት» ተብሎ ይለጠፋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየከተማው አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል፤ ፊደላችንን የሚማር ሕፃን በዚያ በር ሲያልፍ እሱንም ያነባልና። ለትንንሽ ጽሑፍ ወፍራም ፎንት መምረጥ፣ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ፣ ሲለቅሙም ትርፉን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፎ ወረቀቱን ተጠግቶ መሳብ ቀለበቷን ያተርፋታል። በአንዳንድ የአማርኛ ፎንቶች ደግሞ የፊደሉ እግርና አካል ሁለት ተደራራቢ ቅርጾች ሆነው ይሣላሉ፤ በስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ፣ ምላጩ ግን መገጣጠሚያውንም ይቆርጠዋል፤ ሲለቀም እግሩ ተነጥሎ ይወድቃል። ኮረል ድሮው በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ውስጥ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው የመስመር ቅርጽ፣ ቀይሮ ዌልድ ማድረግ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ወደ ከርቭ መቀየሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ከርቭ ከሆነ ግን በየትም ቢከፈት ያው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ሥራው ለንግድ ብቻ እንዳልሆነ ልጥቀስ። የማውቀው አንድ መምህር ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ማሽን ገዝቶ ለክፍሉ ግድግዳ የፊደል ገበታ፣ የአጥንት ሥዕልና የኢትዮጵያን ካርታ በየሳምንቱ መጨረሻ እየቆረጠ ይለጥፋል። በትንሿ ማሽን ላይ የሚደርሰው ሁሉ በትልቋ ላይ ከሚደርሰው ጋር አንድ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ ለቲሸርት የሚሆነውን ቪኒል ሳይገለብጥ ቆርጦ የተማሪዎቹን የእግር ኳስ ማሊያ ቁጥር ግልብጥ አድርጎ አትሞ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምለምነው ግን ስለ ቁርጥራጩ ነው። የለቀምነው ትርፍ በቀን አንድ ከረጢት ይሞላል፤ ማታ ከቆሻሻ ጋር ወይም እሳት ለማያያዝ ሲቃጠል ደጋግሜ አይቻለሁ። ቪኒል ፒቪሲ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራ ነው፤ ንጹሕ ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቃጥል አሲዳማ ጢስ ይወጣዋል። በተለይ ቡና በሚፈላበት ከሰል ላይ መጣል፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ማቃጠል ፈጽሞ የማይገባ ነው። በዚሁ ምክንያት ቪኒልን በሌዘር ማሽን መቁረጥም ክልክል ነው፤ ጢሱ ሠራተኛውን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ያዝገዋል። እኔ ሰፋፊውን ትርፍ ለትንንሽ ጽሑፍ አስቀምጣለሁ፤ የቀረውን በከረጢት አስሬ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች እሰጣለሁ።

ደንበኛን በተመለከተ ደግሞ ስለ ዕቃው እውነቱን እንናገር። ርካሹ ተራ ቪኒል ለጥቂት ዓመት የሚያገለግል፣ በፀሐይ ብዛት የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ ነው፤ ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ የሆነው ካስት የሚባለው ዓይነት ግን ለጥምዝ የባጃጅና የመኪና አካል ይመቻል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ባጃጅ የገዛ ወጣት ስቲከሩ በዓመቱ ተሰነጣጥቆ ሲወድቅበት የሚወቅሰው ሙያውን ነው። ሁለቱን ዓይነት ከነዋጋቸው አሳይቶ እሱ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ደንበኛውንም ስማችንንም ይጠብቅልናል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያገኛቸው ብዙ ሱቆች ባዶ ቀርተዋል፤ የእኔም ማሽን አብሮ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ እንደገና የተነሣነው በብድር፣ በዕቁብና ከዘመድ በተገኘ ገንዘብ ነው። በእንዲህ ያለ ገንዘብ የተገዛ ማሽን በአንዲት ክር ምክንያት ሦስት ወር መቆሙ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ ሲቆም ብድሩ አይቆምምና። ስለዚህ ማሽን የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ከማሽኑ ጋር የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ፣ ተለዋጭ ንጣፍና ቢያንስ ሁለት ምላጭ አብረው እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። ይህ ለነጋዴውም ኪሳራ የለውም፤ ሥራው የተሳካለት ገዢ ቪኒሉንም ምላጩንም ተመልሶ ከእሱ ይገዛል። በአካባቢያችን ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኮምፒውተር ዲዛይን ያስተምራሉ፤ ተማሪው ግን የሠራውን ዲዛይን ቆርጦ፣ ለቅሞ፣ መስታወት ላይ ለጥፎ ካላየው ትምህርቱ ግማሽ ነው። አንድ ፕሎተርና ጥቂት ጥቅልል ለአንድ ክፍል ይበቃሉ፤ ተማሪው ምላጩን ራሱ ፈትቶ ይግጠም፣ ሆን ተብሎ የተበላሸ ቁጥር ተሰጥቶት ስሕተቱን ይፈልግ። ለወጣቶች ማሽን ገዝተው የሚያከፋፍሉ አካላትም የማሽኑን ብዛት ብቻ አይቁጠሩ፤ ከስድስት ወር በኋላ ምን ያህሉ እየሠራ እንደሆነ ሄደው ይዩ። የቆመውን ሲያገኙ ደግሞ «ሰነፍ ነው» ብለው ልጁን ከመውቀሳቸው በፊት ምላጩን ያስወጡ።

እኛም የሙያው ሰዎች የምንወቀስበት አለን። የምላጭ ቁጥሩን እንደ ምሥጢር የሚይዝ፣ ለጎረቤቱ ቢነግር ደንበኛ የሚወሰድበት የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበርኩ። ነገር ግን የሐይቋ ልጅ ከሄደች በኋላ ከዚያው አካባቢ ሁለት ሰዎች ማሽን ይዘው መጥተዋል፤ ሰፊ ሥራ ሲገጥማትም እሷ ራሷ የእኔን ትልቅ ማሽን ትከራያለች።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት፣ በጎኑ ያችን አንድ ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ከነሦስት ማዕዘኗ በትክክለኛ መጠኗ፣ ከሥሯም ሦስቱን ውጤት፣ ማለትም ያነሰውን፣ ልክ የሆነውንና የበዛውን፣ ጎን ለጎን ብታትሙልን፣ በመርሳም በወልድያም በባቲም ያለ ባለማሽን ጋዜጣውን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎ የራሱን ቁራጭ ከእሱ ጋር ማስተያየት ይችላል። ሥዕሉን አዘጋጅቼ፣ ከሦስቱም ዓይነት የተቆረጠ እውነተኛ ናሙና ጨምሬ፣ በፖስታ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የስቲከርና የታፔላ ሥራ ባለሙያ፣ ከደሴ